ጡረታው ከውጭ፣ ደብተሩ ከከሚሴ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሚሴ የገባ ሰው የባንክ እጥረት አያይም። በመንገዱ ግራና ቀኝ የባንክ ታፔላ ከፋርማሲውና ከሞባይል ቤቱ ታፔላ ጋር ተሰልፏል። ታዲያ ዕድሜውን በሰው ሀገር ጨርሶ፣ የሌላ ሀገር ፓስፖርት ይዞ፣ በስተርጅናው ወደ ጨፋ ሜዳ ወይም ወደ ባቲ ተመልሶ ሊኖር የመጣ ሰው በስሙ አንድ ሂሳብ ለማስከፈት ይህን ያህል የሚንከራተተው ለምንድን ነው? ጥያቄውን ከሕጉ፣ ከባንኩ መስኮት፣ ከጡረታ ከፋዩ ሀገርና ከአካባቢው ኑሮ አንጻር ተራ በተራ ስመለከተው የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሕጉ ከ20 ዓመታት በላይ ደረጃ በደረጃ እየተከፈተ መጥቷል። የባንኩ ፎርም ግን ዛሬም የሚያውቀው ሠራተኛን፣ ነጋዴንና ኢንቨስተርን ነው። በጡረታ የሚኖር፣ ስሙ በሦስት ሰነድ በሦስት ዓይነት የተጻፈ ሽማግሌ በፎርሙ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

በመጀመሪያ እነማን ናቸው የሚለውን እንይ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 457,278 ሰው የተቆጠረበት፣ ከሚሴ የምትገኝበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከአማራ ክልል ብዙ ልጆቻቸውን ወደ ዓረብ ሀገር ከሚልኩ አካባቢዎች አንዱ ነው። ከደዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋና ከደዋ ሀረዋ የሚነሳው ወጣት በባቲ አድርጎ አፋርን ያቋርጣል፣ ከጅቡቲ ኦቦክ ጀልባ ይሳፈራል፣ የመንን ተሻግሮ ሳዑዲ ይገባል። የተሳካለት 20 እና 30 ዓመት ሠርቶ ይመለሳል፤ ያልተሳካለት በ2006 ዓ.ም. እንደታየው ይባረራል። ያኔ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ከዚህ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ቁጥራቸው የሚያንስ ሌሎችም አሉ፤ በስደተኝነት ወይም በዲቪ አሜሪካና አውሮፓ ገብተው ዜግነት የቀየሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ።

የሁለቱ ጡረታ አንድ አይደለም። የሳዑዲ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት የዕድሜ ጡረታ የሚከፍለው ለራሱ ዜጎች ነው፤ የውጭ ሠራተኛ የሚሸፈነው ለሥራ ላይ ጉዳት ብቻ ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከዚያም ውጭ ናት። ስለዚህ ከጅዳ የተመለሰች እናት ጡረታዋ ያጠራቀመችው ገንዘብ ራሱ ነው፤ ያ ገንዘብ ባንክ ካልገባ ጡረታ የላትም። ከአሜሪካ የተመለሰው ግን በየወሩ የሚገባ ገንዘብ አለው። የእሱ ጭንቀት መቀበያው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። በዜግነት ዐዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። የከሚሴው ሽማግሌ፣ አባቱና አያቱ በዚያው ቢቀበሩም፣ በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው። ይህን ለማለዘብ ቀደም ብሎ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለውን መታወቂያ ያመጣው። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይገባል፣ ይኖራል፣ ይሠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያፈራል፣ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ አገልግሎትም ያገኛል። ባንክ ከነዚህ አገልግሎቶች አንዱ ለመሆኑ ክርክር የለም።

ብሔራዊ ባንክም የራሱን መመሪያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው መመሪያ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዶላር፣ በፓውንድና በዩሮ ሂሳብ እንዲከፍቱ ተፈቀደ። ሦስት ዓይነት ነበር፦ የጊዜ ገደብ ያለው፣ ተንቀሳቃሽ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተመልሶ ወደ ውጭ የማይወጣ የብር ሂሳብ። ለዲያስፖራው ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን መመሪያው የተጻፈው በውጭ እየኖረ ለሚልክ ሰው ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ በውጭ የኖረ መሆኑ ይታያል፣ ከፓስፖርቱ ጋር የሥራ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ጡረተኛው ሥራ የለውም። ሻንጣውን ጠቅልሎ ከሚሴ ከገባ ደግሞ የውጭ ነዋሪ ነኝ ማለት ይከብደዋል፤ የሀገር ውስጥ ነዋሪ ነኝ ካለ ለብዙ ዓመታት የዶላር ሂሳቡ ለእሱ አልነበረም። በሁለቱ መካከል የወደቀው እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ይህን ግድግዳ አፍርሶታል ማለት ይቻላል። ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው የሀገር ውስጥ ነዋሪዎችም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲኖራቸው ፈቅዷል። እንደ እኔ እምነት፣ ባለፉት ዓመታት ለጡረተኛው ከተደረገለት ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ለእሱ ተብሎ ያልተጻፈ ቢሆንም። ጉዳዩ ይህ ፈቃድ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ወጥቶ ከሚሴ ካለው መስኮት እስኪደርስ ያለው ርቀት ነው። የክልል ቅርንጫፍ ሠራተኛ በዓመት ስንት የዶላር ሂሳብ ይከፍታል? ያልለመደውን ነገር ሲያይ «አዲስ አበባ ቢጨርሱት ይሻላል» ይላል። ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው ያ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ መንገዱ በተዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ ከናካቴው መልስ አይደለም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የስም ነገር ነው፤ ብዙ ሰው እንደ ትንሽ ነገር ስለሚያየው እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። በአንድ ቅርንጫፍ ወረፋ እየጠበቅሁ ከፊቴ የነበሩ ሀጂ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርድና ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ አስረከቡ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግታ ብዙ አየቻቸው።

«ሀጂ፣ የአባትዎ ስም ፓስፖርቱ ላይ የለም።»

«እንዴት የለም ልጄ? ያቺ መሐል ላይ ያለችው አንድ ፊደል እሱ ነው።»

«ሲስተሙ አንድ ፊደል አይቀበለኝም፣ አባቴ። ሙሉ ስም ይፈልጋል።»

ነገሩ ግልጽ ነው። አሜሪካ ሲገቡ የራሳቸው ስም መጀመሪያ፣ የአያታቸው መጨረሻ ሆኖ ተመዘገበ፤ የአባታቸው ስም መሐል ላይ ወደ አንድ ፊደል አጠረ። እኛ ጋ ሰው በራሱና በአባቱ ነው የሚታወቀው፤ አያት ለማጣሪያ ይጨመራል። በከሚሴ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። የዞኑ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ሰነዱ በቁቤ ሲጻፍ ድምፅ ለማርዘምና ለማጥበቅ ፊደል ይደገማል። ስለዚህ መሐመድ የሚለው ስም በቀበሌው ደብዳቤ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ የእንግሊዝኛ ፊደል ሌላ ዓይነት፣ በአማርኛው ፎርም ሙሐመድ ወይም መሀመድ ሆኖ ይመጣል። ከሳዑዲ ለሚመለሱት በዐረብኛ የተጻፈው የመኖሪያ ፈቃድ አራተኛው ነው። ፊደል ከፊደል የሚያስተያይ ኮምፒዩተር አራት ሰው ያያል።

ሴቶቹ ላይ ይብሳል። በልጅነቷ በደላላ እጅ የሄደች ሴት ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋ ተጨምሮ፣ አንዳንዴም ስሟ ተቀይሮ እንደነበር ቤቱ ሁሉ ያውቃል። 25 ዓመት የላከችው፣ የሠራችው፣ የፈረመችው በዚያ ስም ነው። ተመልሳ በእናቷ በወጣላት ስም መታወቂያ ስታወጣ ያ ሁሉ የገንዘብ ታሪክ የሌላ ሰው ይሆንባታል። መፍትሔው ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ምስክር አሰምቶ፣ የሁለቱ ስም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን ማስወሰን ነው። ይቻላል፤ ብዙዎችም አድርገውታል። ከመምጣታቸው በፊት ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ባንኩ ይህን ያህል የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያ ሕገወጥ ገንዘብን በሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ዝርዝር ውስጥ በ2009 ዓ.ም. ገብታ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው የወጣችው። በእነዚያ ዓመታት የሀገሪቱ ባንኮች ከውጭ ባንክ ጋር ለመሥራት ምን ያህል ይጠየቁ እንደነበር የሚያስታውስ ማናጀር ዛሬ ያልተሟላ ሰነድ ላይ አይፈርምም፤ አልፈርድበትም። የምወቅሰው ጥንቃቄው አንድ መስመር ላይ ብቻ ስለሚቆም ነው። የገቢ ምንጭ ተብሎ ሲጠየቅ «ደመወዝ፣ ንግድ፣ ኪራይ» የሚል ምርጫ እንጂ «የውጭ ሀገር ጡረታ» የሚል ካላገኘ፣ በዓለም ላይ ከየት እንደመጣ በቀላሉ ሊረጋገጥ የሚችለው ገንዘብ፣ በመንግሥት ደብዳቤ የተደገፈው ጡረታ፣ አጠራጣሪ መስሎ ይታያል።

ፋይዳ ይህን ሊያቃልል የመጣ ነው። በዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ ከ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎ በክልል ከተሞች አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ግዴታ እየሆነ መጥቷል። ዐዋጁ መታወቂያውን ከዜግነት ጋር አላሰረውም፤ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋም ይመዘገባል። አሻራና የዓይን ብሌን ስለሚወሰድ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ አይገኝም። በእኔ ግምት ለጡረተኛው ከቀበሌ መታወቂያ ይልቅ ይህ ይሻለዋል፤ የቀበሌው ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ይጠይቃል፣ ከሜሪላንድ ደግሞ መሸኛ አይጻፍም። ጥንቃቄ የሚያሻው ምዝገባው ላይ ነው፦ በችኮላ የተመዘገበ ስም በኋላ ባንክ ሲደርስ ያው የስም ጣጣ ይሆናል። አዛውንቶች ላይ ሌላም አለ፤ ዕድሜ ልኩን በእጁ የሠራ ሰው የጣቱ አሻራ ይደበዝዛል፣ ማሽኑ ደጋግሞ ይመልሰዋል።

እስካሁን ያየነው የዚህን ወገን ችግር ነው። ከዚያኛው ወገን የሚመጣውን ብዙ ተመላሽ የሚያውቀው ከመጣ በኋላ ነው። በአሜሪካ ሁለት ነገር ይምታታል። ሠርቶ ግብር የከፈለበት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ዜግነት ላለው ሰው ኢትዮጵያም ሆኖ ይከፈለዋል። ልጆቻቸው በስተርጅና ወስደዋቸው፣ ሳይሠሩ የሚያገኙት ኤስኤስአይ የተባለው ድጎማ ግን ከሀገር ከወጡ 30 ቀን ሲሞላ ይቋረጣል። ይህን ሳያውቁ በእሱ ተማምነው ከሚሴ ቤት የተከራዩ እናት ምን እንደሚገጥማቸው መገመት አያዳግትም። ሜዲኬርም ከአሜሪካ ውጭ ለታከሙት በጠቅላላው አይከፍልም። የእንግሊዝ ጡረታ ይከፈላል፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ ጋር የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ስለሌላት እዚህ ለሚኖረው ዓመታዊ ጭማሪው አይታሰብለትም፣ መጀመሪያ እንደተቀበለው ሆኖ ይቀራል።

ከፋዮቹ መሥሪያ ቤቶች በየጊዜው «በሕይወት አሉ ወይ?» የሚል ቅጽ በፖስታ ይልካሉ። ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። የቤት ቁጥር ይዞ ደብዳቤ በር ድረስ የሚያደርስ ፖስታ በሌለበት ሀገር፣ የፖስታ ሣጥን ያልተከራየ ጡረተኛ በሕይወት እያለ እንደሞተ ሊቆጠር ይችላል።

አሜሪካዊው ጡረተኛ ሌላም ግዴታ አለበት። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሂሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለግምጃ ቤቱ ማሳወቅ አለበት፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። ብዙ ሰው «በወንድሜ ልጅ ስም ነው ያለው፣ እኔን አይመለከተኝም» ይላል። ሕጉ ገንዘቡ በማን ስም እንዳለ ብቻ ሳይሆን የማን እንደሆነም ስለሚጠይቅ ይህ አያድነውም።

የወንድም ልጅ ስም ካነሳን፣ በከሚሴና በአካባቢው ይህ ጥያቄ ለዓመታት ሲመለስ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። መስኮቱ ሲያስቸግር በዘመድ ስም ይከፈታል፤ ገንዘቡ በሐዋላ ይመጣል፤ ቃሉ አደራ ነው። የምንዛሪው ነገርም ወደዚያ ይገፋ ነበር። ከማሻሻያው በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲመነዘር ጥቁር ገበያው በእጥፍ ይሰጥ ነበር። በሕጋዊው መንገድ ጡረታውን ይቀበል የነበረ ሰው በየወሩ ግማሹን እንደሚጥል ያውቅ ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የባንኩ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፎ ሁለቱ ተቀራርበዋል፤ ስለዚህ በዘመድ ስም የመክፈቱ ትልቁ ምክንያት ተዳክሟል። ልማዱ ግን አልተነቀለም።

አደራ ክቡር ነገር ነው፤ በወሎ ሰው ዘንድ ደግሞ የበለጠ። ችግሩ የሚመጣው ባለአደራው ሲሞት ነው። በስሙ ያለው ገንዘብ ሁሉ የውርስ ሀብት ሆኖ ይቆጠራል፤ ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እናቱ ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ጡረተኛው «የእኔ ነው» ሲል ያለው ማስረጃ የቅሬው (የዕድሩ) ሽማግሌዎች ምስክርነትና የሐዋላ ቁራጭ ወረቀት ነው። ሽማግሌ ገብቶ የሚፈታበት ጊዜ አለ፤ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ የቀረበትም አለ። ውክልናም ቢሆን ከዘመድ ስም የተሻለ ሆኖ ሳለ ገደብ አለው። በኤምባሲ የተሰጠ ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ ነው ባንክ የሚደርሰው፤ ወካዩ ሲሞት ደግሞ ሥልጣኑ ያበቃል፣ ወራሽ ራሱን አረጋግጦ መቅረብ አለበት።

ዲያስፖራው በሀገር ቤት ባንክ ላይ ያለው ጥርጣሬም ከየትም የመጣ አይደለም። ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት የገዙትን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን በ2008 እና 2009 ዓ.ም. እንዲለቁ ታዘዙ። ዐዋጅ ቁጥር 1159/2011 መልሶ ፈቀደላቸው፤ በቅርቡም የባንክ ሥራ ዐዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች ጭምር በር ከፈተ። ሕጉ ተስተካክሏል። ያ ትዕዛዝ የነካው ሰው ግን ለልጆቹ የሚነግረው መጀመሪያ የሆነውን ነው።

ስለ ከሚሴ ሲጻፍ ወለድን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የዞኑ ሕዝብ እጅግ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሀጁን አድርሶ የተመለሰ ሰው ጡረታውን ወለድ በሚከፍል ደብተር ማስቀመጥ አይፈልግም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፈት ከፈቀደ ወዲህ፣ በተለይም ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ሂጅራ ከተከተለ በኋላ፣ ይህ መሰናክል ከሞላ ጎደል ተነስቷል። በእኔ አስተያየት ከሌሎቹ ችግሮች ሁሉ በተሻለ የተፈታው ይህ ነው፤ የተፈታውም ደንበኛው ማን እንደሆነ ተጠንቶ አገልግሎቱ በልኩ ስለተሰፋለት ነው።

ጸጥታው ሌላ ነው። ከሚሴ በ2013 ዓ.ም. የአጣዬና የአካባቢው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ደርሶባታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ባንክ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ወጣቱ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ይጠብቃል። የሞባይል ባንኪንጉ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በኢትዮጵያ ስልክ ነው፤ ለልጆቹ ጥየቃ ለወራት ውጭ የቆየ ሰው ሲሙ ካልተሞላ ይዘጋበታል፣ ከሂሳቡም ጋር ይቆራረጣል።

የጡረተኛው የባንክ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ታይላንድ 50 ዓመት የሞላው የውጭ ጡረተኛ በየዓመቱ ፈቃዱን ለማሳደስ 800,000 ባት በሀገሪቱ ባንክ እንዲያስቀምጥ ወይም በቂ ወርሃዊ ገቢ እንዳለው እንዲያሳይ ትጠይቃለች፤ ጡረተኛውን ወደ ሀገሪቱ ባንክ የሚያስገባ ሥርዓት ነው። በእኛ ሀገር የሚመሳሰለው የሻሸመኔ ራስታዎች ጉዳይ ነው። ከጃማይካና ከሌሎች ሀገሮች መጥተው በንጉሠ ነገሥቱ በተሰጠው መሬት ላይ ያረጁ ሰዎች ለዓመታት ሕጋዊ መኖሪያ ሳይኖራቸው ኖረው፣ መንግሥት መታወቂያ እንዲሰጣቸው የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ የከሚሴ ሰው አግብታ የመጣች የውጭ ዜጋ፣ ዛሬም መጀመሪያ መኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አለባት፤ ለጡረተኛ ተብሎ የተለየ ፈቃድ ስለሌለ የምትገባው በትዳሯ በር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊደረግ የሚገባው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ባንኮች በገቢ ምንጭ ዝርዝራቸው ውስጥ የውጭ ሀገር ጡረታን ይጻፉ፤ የጡረታ ደብዳቤና የባንክ መግለጫ በቂ ማስረጃ እንደሚሆን ለክልል ቅርንጫፎች በጽሑፍ ያሳውቁ። ብሔራዊ ባንክ በ2016ቱ ማሻሻያ የፈቀደውን የነዋሪ ዶላር ሂሳብ ለተመላሽ ጡረተኛም እንደሚሠራ በማያሻማ ቃል ይናገር። የዞኑ አስተዳደርና የፋይዳ መዝጋቢዎች በቁቤ፣ በአማርኛና በፓስፖርቱ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስፍረው በማኅተም የሚሰጡበት አሠራር ይኑራቸው፤ ሀጂው ያን ወረቀት ይዘው ቢሆን ኖሮ ልጅቷ በዚያው ሰዓት ታስተናግዳቸው ነበር።

ለመምጣት ለሚያስብ ሰውም፦ ቢጫ ካርዱን እዚያው ኤምባሲ ሳሉ ያውጡ፤ የስም ልዩነት ካለ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ከማንኛውም ጉዳይ በፊት ያስጨርሱ፤ ፋይዳ ሲመዘገቡ ፓስፖርቱን ከፊት አስቀምጠው ፊደሉን ራሳቸው ያንብቡ። የሚታመን ልጅ ወይም ወንድም ካለ በእሱ ስም ከመክፈት በራስ ስም ከፍቶ እሱን መወከል ይሻላል። ውጭ ያለውን የባንክ ሂሳብ ደግሞ ጡረታው ከሚሴ በሚከፈተው ሂሳብ ሁለት ሦስት ወር ሳይቆራረጥ እስኪገባ ድረስ አይዝጉት።